የመኪና የፊት እግር፦ ከኪንግ ፒን እስከ ቴስቲና

ከአሮጌ ቮልስ ስር የወጣ ኪንግ ፒን እጄ ላይ ነው። እንደ አውራ ጣት የወፈረ፣ ከመዳፍ ስፋት የሚረዝም ጠንካራ ብረት ነው። ግራሶው በጨርቅ ሲወለወል ያበራል፤ ምንም ያልሆነም ይመስላል። ጥፍሬን ከላይ ወደ ታች ሳንሸራትትበት ግን አንድ ቦታ ላይ ያዝ ያደርገኛል። ለዓመታት ከያዘው ቦኮላ ጋር ሲፋተግ በአንድ ጎኑ ተበልቶ እርከን ሠርቷል። እርከኑ ከወረቀት ውፍረት ብዙም አይበልጥም፤ መሪው ላይ ሲደርስ ግን መኪናውን ከመስመሩ የሚያዋልል ክፍተት ይሆናል።

የፊት ጎማ ሦስት ሥራ አለበት። ክብደት ይሸከማል፣ ከመንገዱ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይታጠፋል። አንዱ ሥራ ሌላውን ያውካል። የሚሸከመው ጠንካራ መሆን ይፈልጋል፤ መንገዱን የሚከተለው ልል መሆን አለበት፤ የሚታጠፈው ደግሞ ከሁለቱም ሳይነካካ በራሱ መዞር ይሻል። ሦስቱ የሚገናኙት መካኒኮች «እግር» በሚሉት የመኪናው ክፍል፣ በጥቂት ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ላይ ነው። ብዙ ሹፌር የመሪ ዘንጎችን ጫፍ የሚያጋጥመው ቴስቲና መቀየር እንዳለበት ያውቃል፤ ቴስቲናው እንዴት እዚያ እንደደረሰ ግን የሚነገረው በቁርጥራጭ ነው። ታሪኩ ከመኪና በፊት ይጀምራል። (በተለይ ካልተጠቀሰ በስተቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1816 እስከ 1893፦ ከፈረስ ጋሪ የተወረሰ ችግር

ባለ አራት ጎማ የፈረስ ሠረገላ የፊት አክስሉ አንድ ግንድ ነበር፤ መሃሉ ላይ በአንድ ፒን ይዞራል። ሲታጠፍ ሁለቱ የፊት ጎማዎች ከነግንዳቸው አብረው ይዞራሉ። መታጠፊያው ጠባብ ሲሆን ከፊት ያሉት ሁለት ጎማዎች ከሠረገላው ሆድ ስር ይገባሉ፤ በአራት ማዕዘን ላይ ቆሞ የነበረው ሠረገላ በሦስት ማዕዘን ላይ የቆመ ያህል ይሆናል። ከዚያ በኋላ መገልበጥ ሩቅ አይደለም።

የሙኒኩ ሠረገላ ሠሪ ጌኦርግ ላንከንስፐርገር በ1816 ሌላ መንገድ አሳየ። ግንዱን አላዞረውም። ግንዱ ባለበት ጸንቶ ይቆማል፤ ዳርና ዳሩ ላይ ያለው እያንዳንዱ ጎማ በየራሱ ፒን ይታጠፋል። ከዚህም የጠለቀ ነገር አስተዋለ፤ ሠረገላ ሲታጠፍ የውስጠኛው ጎማ ትንሽ ክብ፣ የውጪው ደግሞ ትልቅ ክብ ይሄዳሉ። ስለዚህ የውስጠኛው ይበልጥ መታጠፍ አለበት። ይህን ለማግኘት ከጎማዎቹ የሚነሱትን ሁለት የመሪ ክንዶች ወደ መሃል አዘንብሎ ማጋጠም ይበቃል። ለንደን ውስጥ ኅትመት ይነግድ የነበረው ወዳጁ ሩዶልፍ አከርማን በ1818 ፈጠራውን በእንግሊዝ አስመዘገበው። በዚህም የተነሳ እስከ ዛሬ ድረስ መሐንዲሶች ስልቱን «አከርማን» ብለው ይጠሩታል። ስሙ የቀረው ላስመዘገበው ነው፤ ክብሩ ግን የሚገባው ለላንከንስፐርገር ይመስለኛል።

ሠረገላ ሠሪዎቹ አልተቀበሉትም። ፈረስ ከፊት እየጎተተ ስለሚያዞረው ችግሩ ያን ያህል አልታያቸውም። ፈረሱ ቀርቶ ሞተር ሲመጣ ግን ነገሩ ተለወጠ። አንደኛው ጎማ ድንጋይ ሲመታ ግንዱ በሙሉ በመሃል ፒኑ ላይ ይዞርና መሪውን ከነጂው እጅ ይነጥቃል። ካርል ቤንዝ በ1886 ያስመዘገባት የመጀመሪያዋ መኪና ባለ ሦስት ጎማ የሆነችው በዚህ ነው፤ አንድ የፊት ጎማ እንደ ብስክሌት ማዞር ቀላል ነበር። ፈረንሳዊው አሜዴ ቦሌ በ1873 በሠራው የእንፋሎት ተሽከርካሪ ሁለቱን የፊት ጎማዎች በየራሳቸው ፒን አዙሯል። ቤንዝም በ1893 የራሱን የሁለት ፒን መሪ አስመዝግቦ ቪክቶሪያ በተባለችው ባለ አራት ጎማ መኪና ላይ ገጠመው። ጎማው የሚታጠፍበት ይህ ፒን፣ ኪንግ ፒን፣ ከመኪና ጋር የተጋባው በእነዚህ ዓመታት ነው።

ከ1893 እስከ 1922፦ ድፍን አክስል

ለሠላሳ ዓመት ያህል የፊት እግር አንድ መልክ ነበረው። ከግራ ጎማ እስከ ቀኝ ጎማ የተዘረጋ የተቀጠቀጠ ብረት፣ ከላዩ ባሌስትራ፣ ዳርና ዳሩ ላይ ኪንግ ፒን። ሁለቱን ጎማዎች የሚያያይዝ አንድ ዘንግ ከኋላቸው ይጋደማል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ ያደረሳት ሲድሌይ መኪናም የዚህ ዘመን ልጅ ነበረች።

ቀላል ቢመስልም ጥበብ አለበት። ኪንግ ፒኑ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ከላይ ወደ መኪናው መሃል ያዘነብላል፤ መስመሩ ወደ መሬት ሲዘረጋ ጎማው መንገዱን ከሚረግጥበት ቦታ አጠገብ እንዲያርፍ ነው። እንዲህ ሲሆን ጎማው ድንጋይ ቢመታም መሪውን የመጠምዘዝ ጉልበቱ ያንሳል። ሁለተኛው ዝንባሌ ወደ ኋላ ነው። እሱ ደግሞ ጎማው እየተጎተተ እንዲከተል ያደርገዋል፤ ሹፌሩ ከመታጠፊያው ወጥቶ መሪውን ለቀቅ ሲያደርግ በራሱ ወደ ቀጥታው የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ በኮምፒውተር የሚስተካከሉት የጎማ ማዕዘኖች በመሠረቱ እነዚሁ ናቸው።

ሄንሪ ፎርድ በ1908 ሞዴል ቲን ሲያወጣ ድፍኑን አክስል ይበልጥ አቃለለው። በየጎኑ ሁለት ባሌስትራ በማሰር ፈንታ ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ አግድም ባሌስትራ ብቻ አደረገ። መኪናይቱ በአሜሪካ ገጠር ጭቃና ጉድጓድ ላይ እግሮቿን እንደ ፍየል እያነሳች ትሄድ ነበር፤ ከ15 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። አንጥረኛ ሊጠግነው የሚችል ነገር ነበርና ዘመኑን መሰለ። ፍጥነቱ ዝቅተኛ ነው፤ ፍሬኑም ከኋላ ብቻ ነው። ድፍኑን አክስል ያቆየውም ይኸው ነው።

ከ1922 እስከ 1934፦ መንቀጥቀጥ

በ1920ዎቹ ሦስት ነገሮች ተከታትለው መጡ፤ እያንዳንዱ ለብቻው መልካም ነበር። ሞተሮች በረቱ። ፍሬን ወደ ፊት ጎማዎችም መጣ። ከ1923 ጀምሮ ደግሞ አየሩ ዝቅተኛ፣ ሆዱ ሰፊ የሆነ ለስላሳ ጎማ ተስፋፋ። ሦስቱ በአንድ ድፍን አክስል ላይ ሲገናኙ መኪናው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ምክንያቱ ይህ ነው። ግንዱ አንድ ስለሆነ ግራው ጎማ ድንጋይ ሲወጣ ቀኙም ይዘነብላል። በፍጥነት የሚሽከረከር ጎማ ሲያዘነብሉት ደግሞ በራሱ ወደ ጎን ሊዞር ይሞክራል፤ እንዝርት ወይም የብስክሌት ጎማ በእጁ ይዞ ያጋደለ ሰው ያውቀዋል። ያ የመዞር ጉልበት ጎማዎቹን በኪንግ ፒናቸው ዙሪያ ይመታቸዋል፣ ይመለሳሉ፣ እንደገና ይመታቸዋል። መሪው በሹፌሩ እጅ ውስጥ ይርገበገባል። መሐንዲሶቹ መድኃኒት ያሉት የፊት ባሌስትራውን ማጠንከር ነበር። መንቀጥቀጡ ይቀንሳል፤ ተሳፋሪው ግን ይነረታል፣ በተለይ ከኋላ የተቀመጠው።

ጣሊያናዊው ቪንቸንዞ ላንቻ በ1922 ባሳየው ላምዳ በተባለ መኪና ግንዱን ጨርሶ አስወገደው። እያንዳንዱ የፊት ጎማ በራሱ ቀጥ ያለ ቱቦ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ሞላውና ዘይቱ እዚያው ቱቦ ውስጥ ናቸው። የሚያምር ሥራ ነበር፤ ዋጋው ግን ለብዙኃኑ አልነበረም።

ነገሩን ለብዙኃኑ ያደረሰው ሞሪስ ኦሊ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ከሮልስ ሮይስ ወጥቶ በ1930 ወደ ካዲላክ መጣ። የኦሊ ጥያቄ ስለ መንቀጥቀጥ አልነበረም፤ ተሳፋሪው ለምን ይነረታል የሚል ነበር። ክብደት ከፊት ወደ ኋላ እየተዘዋወረ የሚጫንበት መሞከሪያ መኪና ሠርቶ በ1932 ከባልደረቦቹ ጋር እየተሳፈረ ሞከረው። ያገኙት ከዘመኑ ልማድ ጋር ፊት ለፊት የሚጋጭ ነበር፤ የፊቱ እግር ከኋላው ይበልጥ መላላት አለበት። የኋላው ቶሎ ሲመለስ የፊቱን ይደርስበትና መኪናው ሳይንጋለል ተስተካክሎ ያልፋል። ድፍን አክስል ላይ ልል ባሌስትራ ማሰር ግን መንቀጥቀጡን መልሶ መጥራት ነው። ስለዚህ አክስሉ መሰበር ነበረበት። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የምወደው ቦታ ይህ ነው፤ ለተሳፋሪ ወገብ ሲባል የተነሳ ጥያቄ የመሪን ችግር ፈታ።

ኦሊ ሁለት ካዲላኮች አዘጋጅቶ በ1933 ለጄኔራል ሞተርስ አለቆች አሳየ። በአንደኛው እያንዳንዱ ጎማ የሚያዘው በላይና በታች ክንድ ነው፤ የላይኛው አጭር፣ የታችኛው ረጅም፣ መሃላቸው ሞላ። የላይኛው ያጠረው ጎማው ከፍ ዝቅ ሲል ወደ ጎን መሬቱን እንዳይፍቅ ነው። ሁለተኛው ስልት ከፈረንሳይ የመጣ ነው፤ ባለቤቱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት አብራሪነቱ የታወቀው አንድሬ ዱቦኔ ነበር። ሞላውና ዘይቱ በአንድ የታሸገ ቤት ውስጥ ሆነው ከጎማው ጋር አብረው ይታጠፋሉ። ለ1934 ሞዴሎች ካዲላክ፣ ቢዩክና ኦልድስሞቢል ክንዶቹን ወሰዱ፤ ሼቭሮሌና ፖንቲያክ ደግሞ ዱቦኔን። የሼቭሮሌ ምርት እጅግ ብዙ ስለነበር ለዚያ ሁሉ ሞላ የሚሆነውን ሽቦ የሚያልሱ ማሽኖች በአገሩ አይበቁም መባሉ ከምክንያቶቹ አንዱ እንደነበር ይነገራል። ለገዢው የቀረበበት ስም «የጉልበት እንቅስቃሴ» የሚል ነበር። እግሩ እንደ ሰው ጉልበት አገኘ ማለት ነው።

የታሸገው ቤት ዘይት ያፈስ ነበር፤ ዘይቱ ሲያልቅ ውስጡ ይበላል። በ1930ዎቹ መጨረሻ ሼቭሮሌም ወደ ክንዶቹ ተመለሰ። በጀርመንም መርሴዲስ በ1933 በበርሊን ትርኢት ያቀረበው 380 ሁለት ክንድና ሞላ ይዞ መጥቶ ነበር። አሜሪካና ጀርመን በአንድ ዓመት ልዩነት ውስጥ ወደ አንድ መልስ ደረሱ።

ከ1934 እስከ 1948፦ የተጠማዘዘ ብረትና የተቆረጠ ዘንግ

ባሌስትራ ይታጠፋል፣ ሞላ ይጨመቃል፤ ሦስተኛው ስልት መጠምዘዝ ነው። ፈርዲናንድ ፖርሼ በ1931 ያስመዘገበው ቶርሽን ባር አንድ ጫፉ የታሰረ፣ ሌላው ጫፉ በጎማው ክንድ የሚጠመዘዝ ብረት ነው። ሲትሮየን በ1934 ባወጣው ትራክሲዮን አቫን ላይ ተጠቀመበት። ፖርሼ ራሱ በአውቶ ዩኒየን የውድድር መኪናዎችና በቮልስዋገን ላይ ሁለት ቱቦዎች ከፊት አጋድሞ፣ በውስጣቸው የተደራረቡ የብረት ቅጠሎችን ከተተ። ቅጠሎቹ መሃል ላይ ይታሰራሉ፤ ከየጫፋቸው የሚወጡት ክንዶች ወደ ኋላ ተዘርግተው ጎማውን ይይዛሉ። ከላይ የጠቀስኩት ኪንግ ፒን የወጣው ከዚህ እግር ነው።

ግንዱ መቆረጡ ግን አዲስ ጣጣ አመጣ። ሁለቱን ጎማዎች የሚያያይዘው የመሪ ዘንግ አንድ ሆኖ ሊቀጥል አልቻለም፤ አንዱ ጎማ ብቻውን ከፍ ሲል ዘንጉ ይጎትተውና መሪ ሳይነካ ይታጠፋል። ስለዚህ ዘንጉም ተቆረጠ። ቁርጥራጮቹ የሚገናኙት በቴስቲናዎች ሆነ፤ የቀድሞው ዘንግ ሁለት ቴስቲና ሲበቃው የአዲሱ አራት፣ አንዳንዴም ስድስት ጠየቀ። ሲትሮየን በ1936 ትራክሲዮኑን ባለ ጥርስ ዘንግ መሪ ሲያለብሰው ነገሩ ቀለለ፤ ዘንጉ መሃል ላይ ግራና ቀኝ ይንሸራተታል፣ ከሁለት ጫፎቹ አጫጭር ዘንጎች ወደ ጎማዎቹ ይሄዳሉ።

ሄንሪ ፎርድ ይህን ሁሉ አልተቀበለም። አግድሙን ባሌስትራና ድፍኑን አክስል እስከ ዕለተ ሞቱ ይዞ ቆየ። እሱ በ1947 ሞተ፤ ፎርድም በ1948 አጋማሽ ባወጣው የ1949 ሞዴል ግንዱን ሰበረ።

ከ1948 እስከ 1959፦ ፒኑ ኳስ ሲሆን

እስከዚህ ድረስ ኪንግ ፒን አልተነካም። ድፍኑ አክስል ቢጠፋም እሱ በሁለቱ ክንዶች መካከል ቆሞ ቀረ። ፒን የሚያውቀው አንድ እንቅስቃሴ ነው፤ መዞር። ከፍ ዝቅ ለማለት ከላይና ከታች ሌላ አግድም ፒን ያስፈልጋል። በየጎማው ሦስት ፒን፣ በየፒኑ ቦኮላ፣ በየቦኮላው የግራሶ መክተቻ። ብዙዎቹ በየ1,000 ማይሉ ግራሶ ይጠይቁ ነበር።

በጥቅምት 1948 በለንደን ትርኢት ላይ ለዚህ ችግር ሁለት የተለያዩ መልሶች በአንድ ጣሪያ ስር ቆሙ። አንደኛዋ አሌክ ኢሲጎኒስ የነደፋት ሞሪስ ማይነር ናት። ዋጋዋ መጠነኛ፣ ቶርሽን ባርና ባለ ጥርስ ዘንግ መሪ ያላት፣ በመሪዋ ቅልጥፍና የተመሰገነች። የጎማው ምሰሶ ጫፍ ግን እንደ ብሎን ጥርስ አለው፤ በሚይዘው ብረት ውስጥ ሲታጠፍ እንደ ብሎን በዳዶ ውስጥ ይሽከረከራል። ብልሃቱ ርካሽ ነው፤ ሕይወቱ ግን በግራሶ ላይ የቆመ ነው። ሲደርቅ ጥርሱ ይበላል፣ ውሃ ይገባል፣ ዝገቱ እንደ ሞረድ ይሠራል። አንድ ቀን ባለቤቱ ከቤቱ ደጃፍ መሪውን አጥፎ ሲወጣ ምሰሶው ከታችኛው መያዣ ተነቅሎ ጎማው ወደ ጎን ይተኛል። መኪናይቱ እንደ ተንበረከከ በሬ በአንድ ጥግዋ ትወድቃለች። ደግነቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው በዝግታ ሲታጠፉ ነው።

ሁለተኛው ጃጓር ነበር። ኤክስኬ 120 ላይ ፒኖቹ ቀርተው በላይና በታች ክንዶች ጫፍ ኳስ ተገጥሟል። ኳስ በጎድጓዳ ቤት ውስጥ ሆኖ መዞርንም ከፍ ዝቅንም አብሮ ያውቃል፤ እንደ ዳሌ አጥንት ማለት ነው። በሦስት ፒን የሚሠራውን ሁለት ኳሶች ሠሩት። ከዚህ በኋላ ኪንግ ፒን ብረት መሆኑ ቀረ፤ ከላይኛው ኳስ ወደ ታችኛው በሐሳብ የሚሰመር መስመር ሆነ። ላንከንስፐርገር ያየው ፒን ያለው በዚያ መስመር ውስጥ ነው።

በአሜሪካ ሊንከን በ1952 ኳሱን ከላይም ከታችም ተቀበለ፤ ፎርድ በ1954 ተከተለ፣ ሼቭሮሌም በ1955።

ሦስተኛው መልስ የመጣው ሳይሠራ ከቀረ መኪና ነው። ኧርል ማክፈርሰን በጄኔራል ሞተርስ ከ1,000 ዶላር በታች ሊሸጥ የታሰበ ካዴት የተባለ መኪና ይነድፍ ነበር። ሥራው በ1947 ሲሰረዝ እሱ ወደ ፎርድ ሄደ። ሐሳቡ የላይኛውን ክንድ ጨርሶ ማስቀረት ነው። ሞላውና ሾክ አብዞርበሩ አንድ ምሰሶ ይሆናሉ፤ የምሰሶው አናት ከሞተሩ ክፍል ጎን ኩሽኔታ ላይ ያርፋል፣ ግርጌው በአንድ ኳስ ይያዛል፣ መሪው ሲዞር ምሰሶው ራሱ ይዞራል። የእንግሊዙ ፎርድ በ1950 ኮንሱልንና ዜፊርን በዚህ እግር አቆማቸው። ዕቃው ጥቂት፣ ለሞተር የሚተርፈው ቦታ ሰፊ ነው። ማክፈርሰን በ1960 ሲሞት ስሙ በዓለም ላይ ስንት መኪና እንደሚሸከም አላየም።

የብሎን ጥርሱ ብልሃትም ወዲያው አልሞተም። በ1959 የወጣው ትራያምፍ ሄራልድ የታችኛውን መያዣ ከነሐስ ሠርቶ ተጠቅሞበታል። 7.6 ሜትር በሆነ ክብ ውስጥ ይዞር ነበር፤ በዚያ ዘመን ለመኪና የሚያስደንቅ ነው። ያ ነሐስ ግን የሚሻው ወፍራም የማርሽ ዘይት ነው። ብዙ ባለቤቶች ግራሶ ሞልተውለት፣ ግራሶው ረግቶ መንገዱን ዘግቶበት፣ ጎማው ከመኪናው ስር ታጥፏል።

ከ1960 እስከ 1974፦ በአዲስ አበባ ጎዳና

ከዚህ በኋላ ያለውን የአዲስ አበባ መካኒክ በእጁ ያውቀዋል። ታክሲ ሆና የኖረችው ሰይቼንቶ፣ ዳንቴ ጃኮሳ በ1955 ያወጣት ፊያት 600፣ ፊቷ ላይ አንድ አግድም ባሌስትራ አላት፤ ባሌስትራው የታችኛውን ክንድ ሥራም ይሠራል። ኪንግ ፒንም አላት። የ1960ው ፔጆ 404 የመጣው በምሰሶና በባለ ጥርስ ዘንግ መሪ ነው። ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ሆነው ለረጅም ዘመን ያገለገሉት ላዳዎች መሠረታቸው ፊያት 124 ነው፤ ሶቪየቶች ከ1970 ጀምሮ ቶልያቲ ከተማ ለመጥፎ መንገድ አጠንክረው ሠሯቸው። ሁለት ክንድ፣ ሞላ፣ ከላይና ከታች ኳስ አላቸው። የኦሊ ካዲላክና የጃጓሩ ኳስ ተጋብተው ለሕዝብ የደረሱበት መኪና ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሙሉውን ታሪክ በአንድ ገላ የተሸከመችው ግን ቮልስ ናት። እስከ 1965 አጋማሽ ኪንግ ፒንና አግድም ፒኖች ነበሯት፤ ቦኮላውን መቀየር ብቻ አይበቃም፣ ፒኑ ሳይጠብና ሳይላላ እንዲገባ በልኩ መፋቅ የእጅ ጥበብ ይጠይቃል። በነሐሴ 1965 ቱቦዎቹ ባሉበት ሆነው ፒኖቹ በኳስ ተተኩ። በነሐሴ 1970 የወጣችው 1302 ደግሞ ቱቦዎቹን ጥላ ወደ ማክፈርሰን ምሰሶ ገባች፤ የፊት ዕቃ መጫኛዋም ወደ እጥፍ ተጠጋ። አዲስ አበባ ላይ ቮልስ ምን ያህል የሁሉ ቤት መኪና እንደነበረች ለማወቅ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በእሷ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

በዚያው ዓመት፣ በአውሮፓውያኑ 1974፣ ቮልስዋገን ጎልፍን አወጣ። ከፊት የሚጎትት ሞተር፣ ባለ ጥርስ ዘንግ መሪ፣ የማክፈርሰን ምሰሶ፣ ከታች አንድ ኳስ። ዛሬ በከተማ የሚታየው አብዛኛው ትንሽ መኪና የዚህን መልክ ይዞ ይሄዳል። ኳሶቹ ለዕድሜያቸው በሚበቃ ግራሶ ታሽገው ስለሚመጡ የግራሶ መክተቻው ጠፍቷል። ሲበሉ ይጣላሉ።

ድፍኑ አክስል ግን አልሞተም። እህልና ሲሚንቶ ጭኖ የሚያልፈውን አይሱዙ ጎንበስ ብላችሁ ከፊቱ ስር ተመልከቱ፤ ግንዱ ከጎማ እስከ ጎማ ተጋድሟል፣ ከላዩ ባሌስትራ፣ ዳሩ ላይ ኪንግ ፒን። ክብደት መሸከም ከሁሉ ሥራ በሚበልጥበት ቦታ የ1816ቱ መልስ ዛሬም ይሠራል።

አሮጌ ቮልስ ወይም ሌላ ባለ ፒን መኪና ያላችሁ አንድ ነገር አድርጉ። የፊቱን በክሪክ አንሱና ጎማውን ከአናቱና ከግርጌው ይዛችሁ ወዝውዙት። እንቅስቃሴ ከተሰማችሁ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥላችሁና ደግማችሁ ሞክሩ። አሁን ከጠፋ ልል የሆነው የጎማው ኩሽኔታ ነው። ፍሬን ተይዞም ከተወዛወዘ ፒኑ ተበልቷል፤ ሳትውሉ ሳታድሩ አስቀይሩት። ምንም ካልተወዛወዘ ግራሶውን አስሞልታችሁ ንዱት።